የሁለት አርባ ሰባት ቢጫ መስመር

አቶ ደበላ የመጡት ጥርስ ሊያስገቡ ነበር።

ልጃቸው አየለች ከአስኮ በታክሲ ይዛቸው መጣች። ኮልፌ 18 ማዞሪያ ያለው የጥርስ ክሊኒክ ሐኪም የአፋቸውን ልክ ከወሰደ በኋላ፣ «ለቀለሙ ፎቅ ውጡ፤ ጥርሱን የምትሠራው ፀዳለ ናት፣ ራሷ ትያቸው» ብሎ ላካቸው። ሽማግሌው ደረጃውን እያለከለኩ፣ ሐኪሙንም ደረጃውንም እየረገሙ ወጡ።

ፀዳለ መስኮት አጠገብ ካለው ወንበር አስቀመጠቻቸው። «አፍዎን ይክፈቱልኝ፣ አባባ» አለችና እንደ ማራገቢያ የተደረደሩትን የናሙና ጥርሶች አንድ በአንድ ከቀሩት አራት የታች ጥርሶቻቸው ጎን ታስጠጋ ጀመር። አቶ ደበላ አፋቸውን እንደከፈቱ ዓይናቸው በትከሻዋ ላይ አልፎ መደርደሪያው ላይ ተተከለ። እጇን ቀስ አድርገው ገፉት።

«ያ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ያ አረንጓዴው።»

ፀዳለ ዞር ብላ ማየት አላስፈለጋትም። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እሱ ነው። «ባቡር ነው፤ የድሮው የናፍጣ ባቡር። እኔ ነኝ የሠራሁት» አለች ፈገግ ብላ።

«እስቲ አምጪው።»

አንድ ስንዝር የማትሞላውን ባቡር አውርዳ በመዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጓት። አገላበጧት። አንዱን ዓይናቸውን ጨፍነው ከፊት ለፊት አዩአት። ፀዳለ ምስጋናውን ትጠብቅ ነበር።

«ውሸት ነው» አሉ።

አየለች ደነገጠች። «አባዬ!»

«ውሸት ነው አልኩ! ጡሩምባው በቀኝ ነው እንዴ? በግራ ነው። ደረጃው ሦስት እርከን ነው፤ እሷ ሁለት ሠርታለች። ይሄ መጨበጫ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ከታች ወደ ውስጥ ይታጠፋል። በዝናብ ስንሸራተት ስንት ጊዜ ነፍሴን ያተረፈውን መጨበጫ ነው እኔ የማላውቀው?»

«ባቡር ይነዱ ነበር?» አለች ፀዳለ።

«ሃያ ሁለት ዓመት! ከድሬዳዋ አዲስ አበባ። ይቺኑ ራሷን፣ ሁለት አርባ ሰባትን!» ጣታቸው ፀዳለ በቀጭን ብሩሽ የጻፈችውን ቁጥር ነካ። ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ካየችው ፎቶ እንዳለ ገለበጠችው እንጂ ከበስተጀርባው ሰው አለ ብላ አስባ አታውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይከፋው ነበር። ፀዳለ ግን ወንበሯን ወደ ሽማግሌው አስጠጋች። የናሙና ጥርሶቹን ወዲያ አስቀመጠችና እስክሪብቶ ፈለገች። «ቆይ፣ ቆይ ጋሼ! ከጡሩምባው ይጀምሩልኝ።» ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐኪሙ ከታች ደውሎ «ሰውዬው ደኅና ናቸው?» ሲል፣ ሦስቱም ጥርስ የሚባል ነገር ረስተው ወረቀት ላይ ተደፍተው ነበር።

ፀዳለ አርባ አራት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው እዚያው ኮልፌ ነው፤ አባቷ ከጎጃም መጥተው የቀሩ አናጢ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጥርስ ሠርታለች። በዚህ ሥራ ደግሞ አንድ የማይመች ነገር አለ፦ የተዋጣለት ጥርስ ማለት ማንም የማያስተውለው ጥርስ ነው። ሰው አይቶ «ምን ያምራል!» ካለ ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ምናለሽ ተራ ሽቦ ልትገዛ ሄዳ፣ ከተሰባበሩ አሻንጉሊቶች መሃል አንድ ጎማው የወለቀ የፈረንጅ ባቡር አገኘች። ቤት ወስዳ ጎማውን ከጥርስ ፕላስቲክ ቀርጻ ሠራችለት። ከዚያ ቀለም ቀባችው። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማት! ዩቲዩብ ላይ እውነተኛውን ባቡር እያዩ ትንሹን ብሎን በብሎን፣ ዝገት በዝገት የሚያስመስሉ ሰዎች እንዳሉ አየች። መሣሪያዎቹ ሁሉ እሷ ዘንድ አሉ። ጥርስ ለማቅናት የሚታሰረው ሽቦ በቀጭን ፒንሳ ሲጠመዘዝ መጨበጫ ይሆናል። ሰሙ፣ መሰርሰሪያው፣ የብርጭቆ ወረቀቱ፣ እንደ ጭጋግ ቀለም የምትረጨው ትንሿ ኮምፕሬሰር፣ ሁሉም እጇ ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዓይኗ። ነጭ ከነጭ በስንት እንደሚለይ ለማወቅ ሃያ ዓመት የሠለጠነ ዓይን።

እና አሁን ባቡሩን የነዳው ሰው መጣላት!

የድሮውን ሥራ በዚያው ሳምንት ቲነር ውስጥ ዘፍዝፋ ቀለሙን ገፈፈችው። ጡሩምባውን ወደ ግራ አዞረች። ሦስተኛውን እርከን ጨመረች። መጨበጫውን ከታች ወደ ውስጥ አጠፈችው፤ ሦስት ጊዜ ተሰብሮባት በአራተኛው ሰመረ። አቶ ደበላ ጥርሳቸው ካለቀም በኋላ በየሳምንቱ ረቡዕ ከአስኮ ይመጣሉ። ጥርሱ በደንብ ስለያዘላቸው ስድባቸው ጠራ ብሎ ይሰማል። «ይሄ ምንድን ነው? የአፍንጫዋ ጠባሳስ? መኢሶ ላይ ግመል ገጭተን የተለጠፈው ላሜራ የታለ?» ፀዳለ ላሜራውን ከስስ ሰም ቆርጣ ትለጥፋለች። ጠጋ ብለው ያያሉ። «ሰፋ። አንድ መዳፍ ነው የሚያክለው።» ትንሿ ከእውነተኛዋ ሰማኒያ ሰባት ጊዜ ታንሳለች፤ የአንድ መዳፍ ሰማኒያ ሰባተኛው ስንት ይሆናል? የምስር ክክ እንኳ አያክልም። እንደገና ትቆርጣለች። እንዲህ ደስ ብሏት ሠርታ አታውቅም።

የተጣሉት በቀለም ነው።

በባቡሩ ወገብ ዙሪያ አንድ መስመር ይዞራል። ፀዳለ ፎቶው ላይ ያየችው ነጣ ያለ፣ ወተት ጠብ ያለበት ቀለም ነበር፤ እንዲያ አድርጋም ልትቀባው ተዘጋጀች።

«ቢጫ ነው» አሉ አቶ ደበላ።

«ጋሼ፣ ፎቶውን ይዩት እንጂ።»

«የእንቁላል አስኳል ነው አልኩሽ። ፎቶው ነው የሸመገለው።»

«ፎቶ ሲያረጅ ሁሉም ነገር አብሮ ይጠወልጋል። ይሄውልዎት፣ የሰውየው ነጭ ሸሚዝ ነጭ እንደሆነ አለ። መስመሩም ከሸሚዙ ጋር አንድ ነው። ቀለም እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ።»

አቶ ደበላ ባርኔጣቸውን አነሱ። «ሃያ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ በጨርቅ የወለወልኩትን መስመር ከፎቶ ልትነግሪኝ? ጥርስሽን ሥሪ!» ብለዋት ወጡ። በቀጣዩ ረቡዕ አልመጡም። ከዚያ በኋላ ባለውም ረቡዕ አልመጡም።

ፀዳለ ሁለት ቀለም አዘጋጅታ አንዱንም መቀባት አቃታት። ነጩን ብትቀባ ሽማግሌው ዋሽተዋል ማለት ነው። ቢጫውን ብትቀባ ደግሞ የገዛ ዓይኗን መካድ ነው። በመጨረሻ የድሮ ባቡር ወዳጆች የሚሰባሰቡበት የፌስቡክ ገጽ ላይ ገብታ ጠየቀች። አንዱ ስልክ ቁጥር ሰጣት። ሐሙስ ከቀትር በፊት ደወለች። ድሬዳዋ በአሮጌው የባቡር ወርክሾፕ ጎብኚ የምታስጎበኝ ኢሊሊ የምትባል ወጣት አነሳችው።

«ሁለት አርባ ሰባት? አለች እንጂ! መጋዘኑ ውስጥ ቆማለች» አለች ኢሊሊ፣ ድሬዎች እንደሚያወሩት እንደ እህቷ አድርጋ። «ግን አንቺ፣ ልታዪያት ከፈለግሽ ቶሎ ነይ። ለጎብኚ ልናሳምራት ነው። ሰኞ ቀለም ትቀባለች። የድሮውን ከትናንት ጀምሮ እየፋቁት ነው።»

«እየፋቁት?!» ፀዳለ ከወንበሯ ተነሳች። «መስመሩስ? መሃል ላይ ያለው መስመር ምን ዓይነት ነው?»

«ኧረ ሁሉም አቧራ ነው። ምኑ ይለያል?»

ስልኩን ዘግታ ለአቶ ደበላ ደወለች። ሰላምታም አላስቀደመች። «ጋሼ፣ ሁለት አርባ ሰባትን እየፋቋት ነው። ሰኞ አዲስ ቀለም ሊቀቧት ነው።»

አቶ ደበላም፣ «በስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?» አሉ።

ከዚያ ቀን የቀረውን ሰዓት ፀዳለ ዓለም ባንክ በሚባለው ሰፈር የመኪና ቀለም ከሚቀምመው ኢርፋን ጋር አሳለፈችው። ኢርፋን መኪና ተጭሮ ሲመጣለት ጭረቱን አይቶ ቀለሙን በጭንቅላቱ የሚደምር ሰው ነው። አሥራ አራት ዓይነት አረንጓዴና ዘጠኝ ዓይነት ቢጫና ነጭ በቀጫጭን ቆርቆሮ ላይ ቀብቶ፣ ከኋላው ቁጥር ጻፈባቸው። ፀዳለ ልክ እንደ ጥርስ ናሙናዎቿ በቀለበት አሰረቻቸው። «ባቡር ቀለም ስታማርጪ ያየሁት አንቺን ብቻ ነው» አላት ኢርፋን። ይስቃል፤ ግን እያንዳንዱን ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ አድርቆ ሁለት ጊዜ ነው የቀባው።

እንደ ዕድል በማግስቱ ጠዋት ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ባቡር ነበር። ለቡ ጣቢያ ስትደርስ አቶ ደበላ ቀድመዋታል። ከረባት አስረዋል። ስለ ጠቡ ማንም ምንም አላለም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲነሳ ሽማግሌው ወንበራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው አዳመጡ፣ አዳመጡና፣ «ድምፅ የለውም እኮ! ባቡር ነው ወይስ ሆስፒታል?» አሉ። አጠገባቸው ያሉ ሰዎች ሳቁ። ከሞጆ በኋላ ግን መቀመጥ አልቻሉም። የድሮው ሐዲድ በመስኮቱ ብቅ ባለ ቁጥር «ያውልሽ! ያውልሽ የኛ!» እያሉ ይነሳሉ። አዋሽ ሲደርሱ በፉርጎው ውስጥ ያለ ተሳፋሪ ሁሉ የትኛው ኩርባ ላይ ፍሬን እንደሚያዝ ያውቅ ነበር።

ድሬዳዋ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበላቸው። በባጃጅ የከዚራን ሰፈር አቋርጠው ወርክሾፑ በር ላይ ሲደርሱ፣ ፀዳለ መንገድ ላይ ሆና የደወለችላት ኢሊሊ እየሮጠች መጣች። «አንተ ነህ ነጂው?» አለቻቸው። አዲስ አበባ ቢሆን ፀዳለ ትደነግጥ ነበር፤ አቶ ደበላ ግን «አንተ» መባላቸው ሃያ ዓመት ያራገፈላቸው መሰለ። «እኔ ነኝ! የታለች?»

በሰፊው መጋዘን ውስጥ፣ በጣሪያው ቀዳዳ በሚገባው ብርሃን መሃል፣ ሁለት አርባ ሰባት ቆማለች። ፀዳለ አፏን ያዘች። አምስት ወር ሙሉ በመዳፏ ላይ ያገላበጠችው ነገር ቤት አክሎ ቀና ብላ ታየዋለች። እርከኑ ሦስት ነው። መጨበጫው ከታች ወደ ውስጥ ታጥፏል። ጡሩምባው በግራ ነው። አፍንጫዋ ላይ አንድ መዳፍ የምታክል ላሜራ ተለጥፋለች። እያንዳንዷን ባየች ቁጥር እንደ ሕፃን «አለ! ይሄም አለ!» እያለች ታጨበጭባለች።

አቶ ደበላ አላለቀሱም። ወገባቸውን ይዘው፣ «አንቺ! እንዲህ አቧራ ለብሰሽ ቆየሽኝ?» ብለው ጮኹባት።

መስመሩ ግን አልነበረም። ሠራተኞቹ ሁለቱንም ጎን ፍቀው ግራጫ መሠረት ቀለም ለብጠውባታል። ፀዳለ ዙሪያዋን ሮጠች። በእንብርክክ ሄዳ ከሥሯ አየች። ከደረጃው ጀርባ፣ ከመብራቱ ሥር፣ ከበሩ ማጠፊያ መሃል ፈለገች። ያልተፋቀው ሁሉ ጥላሸት ነው። ላብ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ቆመችና፣ በመጨረሻ የቁጥሩን ሰሌዳ አየችው። በአራት ብሎን ታስሮ ልክ በወገቧ ላይ፣ መስመሩ ማለፍ ባለበት ቦታ ተቀምጧል።

«ይሄ ሰሌዳ ተፈትቶ ያውቃል?»

የሠራተኞቹ አለቃ ግሩም ቀረብ ብሎ አየው። «ዝገቱን ስታይው የሚፈታም አይመስልም።»

«ከሥሩ ፀሐይ ነክቶት አያውቅም ማለት ነው። እባክህ ፍታልኝ!»

«ለቀለሙ ብለን መፍታታችን አይቀርም» አለና ቁልፍ አመጣ። ሦስቱ ብሎኖች ተፈቱ። አራተኛው እንቢ አለ። ዘይት ጠብ አደረጉበት፣ መቱት፣ አቶ ደበላ «በግራ ነው! በግራ!» እያሉ ከኋላ ይነዳሉ። ድንገት ጓ! ብሎ ተላቀቀና ሰሌዳው በግሩም እጅ ላይ ወደቀ።

ከሥሩ ትናንት የተቀባ የመሰለ አረንጓዴ ብቅ አለ። በመሃሉ ደግሞ፣ ጠርዙ በምላጭ እንደተቆረጠ ቀጥ ያለ፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ!

«አላልኩሽም!» አቶ ደበላ ባርኔጣቸውን ወደ ጣሪያው ወረወሩት። «አላልኩሽም?!»

ፀዳለ እየሳቀች ተሸነፈች። ግን ዓይኗ አላረፈም። ሰሌዳው ከነበረበት ጠርዝ ወጣ ብሎ የፋቂዎቹ እጅ የሳታት አንዲት ጥፍር የምታህል ቦታ ቀርታለች። በጣም ደቃቁን የብርጭቆ ወረቀት አውጥታ በክብ በክብ ቀስ ብላ አሸችው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቀለበት በቀለበት ወጣ። ከላይ ጥላሸት፣ ከዚያ ወተት የነካው ነጭ፣ ከዚያ ቢጫው።

«ጋሼ፣ ይዩት። ነጩ በላዩ ነው። ሲቀቡት ሰሌዳውን ሳይፈቱ ነው ያለፉት።»

አቶ ደበላ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። «ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው ያነጡብኝ» አሉ። ቆይተውም፣ «ፎቶሽም አልዋሸም እንግዲህ» ብለው ትከሻዋን መታ አደረጉ።

ፀዳለ የኢርፋንን ቆርቆሮዎች ከቀለሙ ጎን ታስጠጋ ጀመር። አረንጓዴው አሥራ አንድ ቁጥር ላይ ጠፍቶ አንድ ሆነ። ቢጫው በአራትና በአምስት መሃል ነው፤ ወደ አራት ያደላል። ይሄን ሁሉ ግሩም እጁን አጣምሮ ቆሞ ሲያይ ነበር።

«እህቴ፣ እኛ የተላከልን ያ ነው» አለና ጥግ ላይ የተደረደሩትን ባልዲዎች አሳያት። አንዱን ከፈተው። የትምህርት ቤት በር የሚቀባበት ዓይነት፣ ዓይን የሚወጋ አረንጓዴ። መስመር የሚባል ነገር ጭራሽ አልታሰበም። «የድሮው ቀለም ይሄ ነበር ብሎ የሚመሰክር ሰው አጥተን እኮ ነው።»

ፀዳለና አቶ ደበላ ተያዩ።

«ምስክር አለህ» አሉ አቶ ደበላ ደረታቸውን እየመቱ። «ቀለሙን የሚያውቅ ደግሞ እሷ አለች!»

ፀዳለ ኢርፋን ጋ ደወለች። «ኢርፋን፣ አሥራ አንድ ቁጥር አረንጓዴ። ቢጫው አራት ሆኖ ቀይ በጣም ጥቂት ጠብ ይደረግበት።»

«ስንት ልቀምም? አንድ ብልቃጥ?»

«ብልቃጥ አይደለም። ለእውነተኛዋ ነው።»

«ለእውነተኛዋ ማለት?»

«ለባቡሯ ኢርፋን! ለባቡሯ!» ብላ ጮኸች። መጋዘኑ መልሶ አስተጋባው። ግሩም ስልኩን ተቀብሎ ስንት ባልዲ እንደሚፈልግ ነገረው። ኢርፋን ቀለሙን በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ጭኖ ላከው። ሰኞ ሊጀመር የነበረው ቅብ ለረቡዕ ተላለፈ።

ፀዳለ ኮልፌ ተመልሳ ትንሿን ጨረሰች። ቢጫውን መስመር በስስ ፕላስተር ጠርዙን ሸፍና ረጨችው። ፕላስተሩን በቀስታ ስታነሳው መስመሩ የፀጉር ያህል እንኳ ሳይዛነፍ ወጣ። አቶ ደበላ ረቡዕ መጥተው፣ ያረጀች እንድትመስል አቧራ እንድታደርግባት አልፈቀዱም። «እኔ እያለሁ ቆሻሻ ሆና አታውቅም» አሉ። በጭስ መውጫው ዙሪያ ያለውን ጥቁር ጥላሸት ብቻ ፈቀዱ፣ «እሱስ ትንፋሿ ነው» ብለው። ፀዳለ በደረቅ ብሩሽ ዳበስ አደረገችው። ሽማግሌው መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጧት። ቀለሙን አዩ፣ ጠባሳውን አዩ። ፀዳለና አየለች ጎን ለጎን ቆመው ይጠብቃሉ።

«እሷ ናት» አሉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እውነተኛዋ ለሕዝብ ስትታይ ሦስቱም ድሬዳዋ ሄዱ። ሁለት አርባ ሰባት ከመጋዘኑ ተገፍታ ወጥታ ደጅ ባለው አጭር ሐዲድ ላይ፣ በሐሩሩ ፀሐይ መሃል ታብለጨልጫለች። ፀዳለ ትንሿን ከጥጥ አውጥታ ከትልቋ ጎን ከፍ አደረገቻት። አረንጓዴው ከአረንጓዴው፣ ቢጫው ከቢጫው ጋር ገጠመ። ኢሊሊ «እንዴ! የትኛዋ ናት የትኛዋን የመሰለችው?» ብላ ጠየቀች። ፀዳለም እየሳቀች፣ «አሁንማ እኔም አላውቀው!» አለች። ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ትንሿን፣ አንዱ ትልቋን ፎቶ ያነሳል። «ማን ነው የሠራው?» ይላሉ። ፀዳለ በጠየቋት ቁጥር «እኔ ነኝ» አለች፤ አሥር ጊዜ ቢጠይቋት አሥሩንም ጊዜ መለሰች።

ግሩም መሰላል ሳያስፈልግ በሦስቱ እርከን አቶ ደበላን ወደ ላይ ሸኛቸው። ሽማግሌው መጨበጫውን ከታች ከታጠፈበት ይዘው እንደ ጎረምሳ ተስፈንጥረው ገቡ። የባቡሯ ሞተር ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። አቶ ደበላ ግን በነጂው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ «ከሐዲዱ ላይ ውረዱ! ውረዱ እንጂ! አታዩም እንዴ!» ብለው አምባረቁ።

ሐዲዱ ላይ ቆሞ ፎቶ ያነሳ የነበረው ሰው ሁሉ፣ ፀዳለም ጭምር፣ ደንግጦ ዘወር አለላቸው።